የእናቴ ደረቅ ሳልና ከጓንዡ የመጣው ሽሮፕ

ጥያቄ፦ እናቴ 58 ዓመቷ ነው። ሦስት ወር ሙሉ ደረቅ ሳል ያስላታል፣ ማታማ ትን እስኪላት ድረስ። አክታም ትኩሳትም የለውም። ጦስኝ በማር አፈላንላት፣ ዝንጅብልም ሞከርን፣ ወይ ፍንክች። ለደም ግፊት ኢናላፕሪል ከጀመረች አምስት ወር ሆናት። ወንድሜ ለንግድ ቻይና፣ ጓንዡ ሄዶ ሲመለስ ለሳንባ ፍቱን ነው የተባለ የዕፅ ሽሮፕና አንድ ከረጢት የደረቀ ሥር አመጣ። ልስጣት?
(አንባቢ፣ ከሽምብጥ፣ ባሕር ዳር)

መልስ፦ እህቴ፣ ሽሮፑን ለጊዜው አትክፈቺው። እኔ መጀመሪያ የጠረጠርኩት ክኒኑን ነው። ኢናላፕሪልና ዘመዶቹ ብራዲካይኒን የሚባለው ንጥረ ነገር እንዳይፈርስ ያደርጋሉ፣ እሱ መተንፈሻ ላይ ሲጠራቀም ጉሮሮን ይከረክራል፤ ሳሉ ክኒኑ በተጀመረ በቀናትም ከወራት በኋላም ሊመጣ ይችላል። አክስቴን ያየኋት እንዲሁ ሆና ነው። ቅዳሴ ላይ ነጠላዋን አፏ ላይ ጠቅጥቃ ትቆምና መጨረሻ ላይ አልቻለችም፣ ወጥታ ደጀ ሰላሙ ጋ ትቀመጥ ነበር። ሐኪሙ ክኒኑን ሎሳርታን በሚባል ሌላ የግፊት መድኃኒት ቀየረላት፣ በሦስተኛው ሳምንት ሳሉ ጠፋ። ክኒኑ ከተቀየረ በኋላ ሳሉ እስኪጠፋ አብዛኛውን ጊዜ ከ1 እስከ 4 ሳምንት ይበቃዋል። ግን አደራ፣ በራሳችሁ እንዳታቋርጡት።

ሳል ሁለት ሳምንት ካለፈው ደግሞ የቲቢ ምርመራ ግድ ነው። አክታ የለውም ብላችሁ አትለፉት፤ በመንግሥት ጤና ጣቢያ ምርመራውም ሕክምናውም በነፃ ነው።

ወደ ሽሮፑ ስንመጣ፣ የቻይና ባህላዊ ሐኪሞች እንዲህ ያለውን ሳል የሳንባ ድርቀት ነው ብለው ማይ መን ዶንግ የሚባል ሥር፣ ባይ ሄ የሚሉትን የሊሊ አበባ ሽንኩርት መሰል ሥር፣ በስኳር የተቀቀለ ፒርም ይሰጣሉ። የእኔ ስጋት ጋን ጻኦ ላይ ነው። ይህ ሊኮሪስ የሚባለው ጣፋጭ ሥር በብዙ የሳል ሽሮፖቻቸው ውስጥ ይገባል፣ ሲበዛ ፖታሲየም ያወርዳል፣ ጨውና ውሃ ይይዛል፣ ግፊት ይጨምራል፤ ለእናትሽ የማይሆነውም ለዚህ ነው። ማ ሁዋንግ የሚባለው ሌላው የቻይና ዕፅም ልብ ያስመታል፣ ግፊት ያወጣል፤ አሜሪካ በ2004 እ.ኤ.አ. ከምግብ ማሟያዎች ውስጥ አግዳዋለች። ስም የሌለውን ከረጢት ግን ጭራሽ አትንኩት። ለሳል ይሰጥ የነበረው ማ ዶው ሊንግ የሚባል ዕፅ ኩላሊት የሚጎዳና ካንሰር የሚያመጣ አሲድ አለበት፣ የደረቀ ነገር ደግሞ በዓይን አይለይም።

የቻይናን ዕፅ ንቄ አይደለም። ደንቢያና ፎገራ ላይ ወባ የያዘው ሰው የሚውጠው ኮአርተም መነሻው ቺንግ ሃው የሚባል የቻይና ዕፅ ነው፣ ቻይናዊቷ ሳይንቲስት ቱ ዩዩም በእሱ በ2015 እ.ኤ.አ. ኖቤል አግኝታበታለች። ያ ግን ንጥረ ነገሩ ተለይቶ፣ ተመዝኖ፣ ሰው ላይ ተሞክሮ ነው።

እስከዚያ ስኳር ከሌለባቸው ማታ ማር በለብ ያለ ውሃ ስጫቸው፣ ከማድቤቱ ጭስም አርቂያቸው። ነገ ጠዋት ክኒኑን፣ ሽሮፑን፣ ከረጢቱን በአንድ ፌስታል ይዘሽ ሐኪም ፊት ዘርግፊው። ከንፈራቸው ወይም ምላሳቸው ካበጠ ግን ነገን አትጠብቂ፣ ክኒኑን አትድገሚላቸው፣ በሌሊትም ቢሆን ባጃጅ ጠርተሽ ድንገተኛ ክፍል አድርሻቸው።