የአሜሪካ ፉትቦል የዩኒቨርሲቲ ቡድኑ ኮሎራዶ በ2023 የመጀመሪያዎቹን ሦስት ጨዋታዎች አሸንፎ ጀምሮ ምን ነካው?

ችግሩ ኳስ ወርዋሪውን የሚከልለው የፊት መስመር ነው። በአሰልጣኙ በዲዮን ሳንደርስ የመጀመሪያ ዓመት በ4 ድልና በ8 ሽንፈት ለምን እንደጨረሱ ነው የጠየቅከው አይደል? ኳስ ወርዋሪውን ሼዱርን የሚከልልለት አልነበረም። በዓመቱ 52 ጊዜ ኳሷን ሳይለቅ መሬት ላይ ጣሉት። ተከላካዩም ያፈሳል፦ ስታንፎርድን እስከ እረፍት 29 ለ 0 መርተው፣ በተጨማሪ ሰዓት 46 ለ 43 ተሸነፉ። እስካሁን ያናድደኛል።

ግን "አሰልጣኙ አይረባም" ለማለት አትቸኩል። በ2022 እኮ ያሸነፉት አንድ ጨዋታ ብቻ ነው።

አንድ ነገር ልምከርህ፤ በመክፈቻው ጨዋታ ተማምነህ አትወራረድ። የቴክሳሱን ዩኒቨርሲቲ ቲሲዩን 45 ለ 42 ሲረቱ ጊዜ እኔ አውሮራ ከተማ ቁጭ ብዬ "ስድስት ጨዋታ ያሸንፋሉ" ብዬ በክትፎ ተወራረድኩ። በአራተኛው ጨዋታ ኦሪገን 42 ለ 6 ቀጣቸው። ክትፎውን ከፍያለሁ፣ ልዩ ነበር።