የቤት ብድር ወለድ ከግብር ይቀነሳል?

ጥያቄ፦ ሰላም ለአምዱ አዘጋጅ። ባሕር ዳር፣ ሺምብጥ አካባቢ ተከራይተን የምንኖር ባልና ሚስት አስተማሪዎች ነን። በማኅበር ተደራጅተን ከብዙ መመላለስ በኋላ ቦታ ደርሶናል። ለመሥሪያው ብድር ልንወስድ ነው። አሜሪካ ያለችው እህቴ የቤት ብድር ወለድ ግብር ላይ ይታሰብልናል አለችኝ። እኛ ጋ ለምን የለም? ባለቤቴ ደግሞ «ሠርተን ሁለት ክፍል ብናከራይስ?» ይላል።

መልስ፦ እንኳን ቦታው ደረሳችሁ! ትልቁ ጣጣ እሱ ነበር።

እህትዎ ልክ ናቸው። ግን ወለዱ የሚቀነሰው ግብር ከሚሰላበት ገቢ ላይ ነው፣ ያውም ወጪውን ዘርዝሮ ለሚያቀርብ ሰው ብቻ። ከአሥር አሜሪካዊ ግብር ከፋይ ዘጠኙ ያህል ደግሞ አይዘረዝርም፤ መንግሥት በደፈናው የሚቀንስለትን ይወስዳል። ስለዚህ ጥቅሙ የሚደርሰው በአብዛኛው ደህና ገቢና ትልቅ ብድር ላለው ነው፣ እስከ 750,000 ዶላር ለሚደርስ ብድር ይሠራልና። ለቤት አልባ ብዙም አልጠቀመም ባይ ነኝ።

እኛ ጋ ደመወዝ እጃችን ሳይገባ ግብሩ ተቆርጦ ነው የሚመጣው። በ2008 የወጣው የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979 ለተቀጣሪ ምንም ዓይነት ወጪ አይቀንስም። የሚገርመው፣ ያው አዋጅ የሂሳብ መዝገብ ለሚይዝ አከራይ የብድር ወለድ ይቀንስለታል። ተበድሮ ለሚያከራይ አለ፣ ተበድሮ ለሚኖርበት የለም ማለት ነው!

እኔን ብትጠይቁኝ ግን ወለዱን ትቼ ተጨማሪ እሴት ታክሱን ነበር የምነካው። እናንተ ሲሚንቶና ብረት ስትገዙ 15 በመቶ ትከፍላላችሁ፣ ነጋዴ ስላልሆናችሁ ደግሞ መልሳችሁ አታገኙትም። ባሕር ዳር ጥቁር አፈር ላይ የሠራ ሰው መሠረቱ ብቻ ስንት ኩንታል እንደሚውጥ ያውቃል፤ ግድግዳው ሳይጀመር ገንዘቡ ያልቃል። ለመጀመሪያ ቤት፣ በተወሰነ ስፋት፣ በደረሰኝ የሚመለስ ታክስ ቢኖር ለአስተማሪ የሚታይ እገዛ ይሆናል።

ከአሜሪካ የምቀናው በሌላ ነገር ነው። እ.ኤ.አ. በ1986 ባወጡት ሕግ፣ ዝቅተኛ ገቢ ላላቸው ሰዎች የኪራይ ቤት የሚሠራ አልሚ ለ10 ዓመት ከግብር ላይ የሚታሰብ ቅናሽ ያገኛል፤ አብዛኛውን ጊዜ ያንን የቅናሽ መብት ለባለሀብት ሰጥቶ መሥሪያ ገንዘቡን ቀድሞ ይሰበስባል። በምላሹ ኪራዩን ቢያንስ ለ30 ዓመት ዝቅ አድርጎ ይይዛል። በመጀመሪያዎቹ 15 ዓመታት ቃሉን ካጠፈ ከተወሰደው ቅናሽ ከፊሉ ይመለሳል። እኛ ጋ ማበረታቻ ሲሰጥ ይህች «ይመለሳል» የምትለዋ ነገር ብትገባ ደስ ይለኛል።

ወደ ባለቤትዎ ሐሳብ ልምጣ። ያዋጣል። የኪራይ ገቢ ግብር ይኖርባችኋል፤ ራሳችሁ ለምትኖሩበት ክፍል ግን ይህ ግብር የለም። መዝገብ ከያዛችሁ ለሚከራዩት ክፍሎች የሚደርሰው ወለድ ሊቀነስላችሁ ይገባል። ስለዚህ የብድር ውሉንም፣ የሲሚንቶ ደረሰኙንም አትጣሉ። ተከራይ ከማስገባታችሁ በፊት ደግሞ ክፍለ ከተማው ገቢዎች ሄዳችሁ ወለዱን እንዴት እንደሚያካፍሉት ጠይቁ።