የስቱዲዮ ጊታሪስት ለመሆን ትምህርቷን መተው ለምታስብ ተማሪ

ውድ እህቴ፣

የሦስተኛ ዓመት የአካውንቲንግ ተማሪ መሆንሽን፣ ቅዳሜ ማታ በአንድ ክበብ ከባንድ ጋር ጊታር እንደምትጫወቺ፣ በቅርቡም ሁለት ጊዜ ለቀረጻ ተጠርተሽ መሄድሽን ጽፈሽልኛል። ትምህርትሽን አቋርጠሽ ሙሉ በሙሉ ወደ ስቱዲዮ መግባት ይገባሽ እንደሆነ፣ እንዲሁም ሁሉንም ዓይነት ሙዚቃ ከመነካካት በአንዱ መጽናት ይሻልሽ እንደሆነ ጠይቀሻል። ለመጀመሪያው ጥያቄ መልሴ አታቋርጪ የሚል ነው። ሁለተኛው ግን ሰፋ ያለ ማብራሪያ ይፈልጋል።

ስለዚህ ሙያ ስጠየቅ ቀድማ ወደ አእምሮዬ የምትመጣው አሜሪካዊቷ ካሮል ኬይ ናት። እ.ኤ.አ. በ1935 በዋሽንግተን ግዛት በኤቨረት ከተማ ተወልዳ ካሊፎርኒያ ያደገችው ካሮል፣ ገና በዐሥራዎቹ ዕድሜዋ ጊታር ማስተማር ጀመረች። በ1950ዎቹም ማታ ማታ በሎስ አንጀለስ የጃዝ ክበቦች እየተጫወተች፣ ቀን ቀን በታይፒስትነት እየሠራች ልጆቿን ታሳድግ ነበር። በ1957 አንድ ፕሮዲዩሰር በምትጫወትበት ክበብ ሰምቷት ለድምፃዊው ሳም ኩክ ቀረጻ ጋበዛት፤ ከምትወደው ጃዝ የሚያርቃት መንገድ ቢሆንም ክፍያው ከክበቡ ይሻል ነበርና ተቀበለች። በ1963 ደግሞ ለአንድ ቀረጻ የተቀጠረው ቤዚስት ሳይመጣ ሲቀር ቤዝ ጊታሩን እርሷ አነሣች፤ ከዚያ ወዲህ በዋናነት የምትፈለገው በቤዝ ሆነ። በራሷ ግምት የተሳተፈችባቸው ቀረጻዎች 10,000 ያህል ይደርሳሉ።

ሁለገብነቷ ምን እንደ ነበር ልብ እንድትይልኝ እፈልጋለሁ። ቤዝ ስታነሣ የጊታር እጇን አልጣለችም፤ ብዙዎች በጣት ሲጫወቱ እርሷ ክሩ በሚመታበት ትንሽ ስስ ቁራጭ፣ በፒክ፣ ትጫወት ነበር፤ ድምፁም አጥሮና ጠርቶ እንዲወጣ በክሮቹ ላይ ቁራጭ የሱፍ ጨርቅ ታደርግ ነበር። አንድ በሚገባ የሠለጠነ እጅና የሌላው ሰው ዘፈን ምን እንደሚፈልግ የሚሰማ ጆሮ ነበራት፤ ሁለገብ ያደረጋትም ይህ ነው። ስለዚህ አንዱን ከመያዝና ሁሉንም ከመሞከር መካከል ምረጪ አልልሽም፤ መሠረትሽን አጥብቀሽ ያዢ፤ የቀረውን የሚጠሩሽ ሰዎች ያስተምሩሻል።

በእኛ አገር ይህ መሠረት ምን እንደሆነ በቅርብ አይቻለሁ። ከዓመታት በፊት የምመክረውን አንድ ወጣት አጅቤ ቀረጻ ላይ ተቀምጬ ነበር። አቀናባሪው ከበሮውንና ኪቦርዱን በኮምፒውተር ጨርሶ ለጊታር ቦታ ትቷል። ዘፈኑ በባቲ ቅኝት ነው፤ ድምፃዊቷ ስለከበዳት ኪዩ (ዘፈኑ የተመሠረተበት የድምፅ ከፍታ) እዚያው በግማሽ ድምፅ ወረደ። ወጣቱ ሳይደናገር ተከተለ፤ ነገር ግን በየስንኙ መሐል የጣቶቹን ችሎታ ማሳየት አበዛ። አቀናባሪው አስቆመውና «ስትዘፍን ተዋት፤ ስትተነፍስ ብቻ ግባ» አለው። በሚቀጥለው ቅጂ የተጫወተው ከፊተኛው ሩቡን አይሞላም ነበር፤ የተወሰደውም እርሱ ሆነ። ስለዚህ አራቱን ቅኝቶች፣ ትዝታን፣ ባቲን፣ አምባሰልንና አንቺሆዬን፣ በየትኛውም ኪይ ሳታስቢ እስክትጫወቺ ተለማመጂ፤ ኖታና ኮርድ ማንበብንም አትናቂ። ለቀረጻ ስትሄጂ ክርሽ አዲስ፣ ጊታርሽም በደንብ የተቃኘ ይሁን፤ እስክትቃኚ የሚጠብቅሽ ሰው የስቱዲዮውን ሰዓት እየከፈለ ነውና።

ትምህርትሽን አታቋርጪ ያልኩሽ ሙዚቃውን አሳንሼ አይደለም። የዚህ ሥራ ገቢ አንድ ሳምንት ሞልቶ ወር ሙሉ ሊደርቅ ይችላል፤ በዐቢይ ጾም ደግሞ የክበቡም ሥራ ይቀዘቅዛል። ካሮል የታይፒስትነቱን ሥራ የያዘችው በዚሁ ምክንያት ነበር። በአይቤክስና በሮሃ ባንድ ስንቱን ድምፃዊ ያጀበው ጊታሪስቱ ሰላም ሥዩምም በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ታሪክ አጥንቷል። የአንቺ ትምህርት ደግሞ ለሙያው በቀጥታ ይጠቅማል፤ ብዙ ጊታሪስቶች የሚጎዱት በቃል ተስማምተው ስለሚሠሩ ነው። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ለከዋኞችም፣ ማለትም ሥራውን ለሚዘፍኑና ለሚጫወቱ፣ መብት ይሰጣል፤ ይሁን እንጂ ክፍያው የአንድ ጊዜ ይሁን ወይም ከዘፈኑ ገቢ በኋላም የሚከፈል ድርሻ ይኑረው፣ ስምሽም ይጠቀስ እንደሆነ፣ ከቀረጻው በፊት በአንድ ገጽ ጽፋችሁ ብትፈራረሙ በኋላ ከመከራከር ትድኛለሽ።

እስክትመረቂ ድረስ ከቤት ሆነሽ ቀርጸሽ መላክን ተለማመጂ። ፋይሉ ዌቭ፣ 24 ቢት፣ 48 ኪሎኸርዝ ይሁን፤ አቀናባሪው ሌላ ፎርማት ከጠየቀ ግን የእርሱን ተከተዪ። ኢፌክት ያለውንና የሌለውን ለየብቻ ላኪ፤ በፋይሉ ስም ላይ ቴምፖውንና ኪዩን ጻፊ። ለቀረጻ ለጠሩሽ ለሁለቱም ሰዎች በዚህ ሳምንት ደውለሽ አመስግኚያቸው፤ የፈተናሽንም ጊዜ ንገሪያቸውና ከዚያ በኋላ የምትገኚበትን ቀን አሳውቂያቸው።