ቱርኩዋዝን ከአስመሳዩ መለየት፦ ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ጥቁር መስመር ያለበት ደማቅ ሰማያዊ ዶቃ ገዛሁ። ሻጩ ቱርኩዋዝ ነው ብሎኛል። በምን ላረጋግጥ?

መልስ፦ ቱርኩዋዝ መዳብ ያለበት ሰማያዊ ወይም አረንጓዴ የጌጥ ድንጋይ ነው። ግን ከቀለሙ አይጀምሩ፤ አስመሳይ ሁሉ መጀመሪያ የሚኮርጀው እሱን ነው። አሥር እጥፍ የሚያጎላ ሌንስ ይዘው የዶቃውን ቀዳዳ ውስጡን ይመልከቱ። ሃውላይትና ማግኔሳይት የሚባሉ ነጭ ድንጋዮች ቀለም ተነክረው በብዛት ይሸጣሉ። ማቅለሚያው ብዙ ጊዜ ወደ ውስጥ አይዘልቅም፤ ስለዚህ ከተነከረ በኋላ የተበሳ ቀዳዳ ወይም የተሸረፈ ጠርዝ ነጩን ገላ ያጋልጣል።

ቀጥሎ መስመሮቹ። በተነከረ ድንጋይ ላይ ማቅለሚያው ስንጥቅ ውስጥ ስለሚጠራቀም የመስመሩ ዳርና ዳር ከሌላው ገጽ ይልቅ ጠቆር ያለ ሰማያዊ ይሆናል። የተፈጥሮው መስመር ግን ቱርኩዋዙ የተፈጠረበት የእናት ድንጋይ ቅሪት ነው። አንድ ቦታ ይሰፋል፣ ሌላ ቦታ ይጠባል፣ ቡናማ የብረት ዝገት ይታይበታል፣ ጥፍር ሲያስኬዱበትም ብዙ ጊዜ ጎድጎድ ወይም ከፍ ይላል።

ከዚያ አሴቶን (የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ ፈሳሽ)። የጆሮ ማጽጃ ጥጥ ነክረው ከማይታይ ቦታ ላይ ሃያ ጊዜ ያህል ይሹ። ጥጡ ሰማያዊ ከሆነ ማቅለሚያ አለበት። ነጭ እንደሆነ ከቀረ ግን ገና ምንም አልተረጋገጠም፤ በሰም ወይም በሬዚን (ሲደርቅ እንደ ፕላስቲክ በሚጠነክር ሙጫ) የታሸገ ቀለም ላይለቅ ይችላል። አሴቶን የሬዚንን ወዝ ሊያጠፋ ስለሚችል በፊት ለፊቱ ላይ አይሞክሩ።

ጥያቄ፦ በጋለ መርፌ መውጋት ይበቃል ይባላል። እውነት ነው?

መልስ፦ አይበቃም። ፕላስቲክ ይቀልጣል፣ ይሸታልም፤ ይህ ትክክል ነው። ነገር ግን ገበያ ላይ ካለው እውነተኛ ቱርኩዋዝ ብዙው በሬዚን የተጠናከረ ስለሆነ እሱም ይሸታል። በመርፌ ጠባሳ ያበላሹትን ድንጋይ መልሰው አያገኙትም።

ጥያቄ፦ ታዲያ ቤት ውስጥ የሚሠራ አስተማማኝ ምርመራ የትኛው ነው?

መልስ፦ ጥግግቱን፣ ማለትም ከእኩል መጠን ውሃ ስንት እጥፍ እንደሚከብድ መለካት። 0.01 ግራም የሚያነብ ትንሽ ዲጂታል ሚዛን፣ ብርጭቆ ውሃና ቀጭን ክር ይበቃል። ድንጋዩን ደረቁን ይመዝኑና ቁጥሩን ይጻፉ። ውሃ ያለበትን ብርጭቆ ሚዛኑ ላይ አስቀምጠው ወደ ዜሮ ይመልሱ። ድንጋዩን በክር አንጠልጥለው ሙሉ በሙሉ እስኪሰጥም ያውርዱት፤ ታቹንም ጎኑንም እንዳይነካ። አሁን ሚዛኑ የሚያሳየው በድንጋዩ ቦታ የተገፋውን ውሃ ክብደት ነው። የደረቁን ክብደት ለዚህ ያካፍሉ። ለምሳሌ ደረቁ 27.6 ግራም፣ በውሃ ውስጥ የተነበበው 10.0 ግራም ከሆነ ውጤቱ 2.76 ነው።

ጥሩ ቱርኩዋዝ ከ2.6 እስከ 2.9 ባለው ውስጥ ይወድቃል። ሃውላይት ከ2.45 እስከ 2.58፣ ድፍን ማግኔሳይት 3.0 ገደማ ነው። ሬዚን የበዛበት ደግሞ ከ2.6 በታች ይወርዳል።

ስህተቱ የሚመጣው ከሦስት ነገር ነው። ድንጋዩ ላይ የተጣበቀ የአየር አረፋ ውጤቱን ዝቅ ያደርጋል፤ ውሃው ላይ ጠብታ የዕቃ ማጠቢያ ሳሙና ይጨምሩና አረፋውን በብሩሽ ያራግፉ። ኖራ የመሰለ፣ ቀዳዳ የበዛበት ድንጋይ ውሃ እየመጠጠ ቁጥሩን ያዛባል፤ እንዳጠለቁት ቶሎ ያንብቡ። ሦስተኛው የድንጋዩ ማነስ ነው። ሚዛንዎ 0.1 ብቻ የሚያነብ ከሆነና 2 ግራም ድንጋይ ከለኩ፣ 0.7 ተብሎ የሚነበበው ከ0.65 እስከ 0.75 ያለ ሊሆን ይችላል። ይህም ውጤቱን ከ2.67 እስከ 3.08 ያወዛውዘዋል፤ ቱርኩዋዝንም ማግኔሳይትንም ይይዛል ማለት ነው። ብረት ላይ የተሰካ ድንጋይ በዚህ መንገድ አይለካም።

ጥያቄ፦ በቢላ ብጭረውስ?

መልስ፦ ላልተሠራ ጥሬ ድንጋይ ብቻ። የማዕድናትን ጥንካሬ ከ1 እስከ 10 በሚያስቀምጠው የሞህስ መለኪያ ቱርኩዋዝ ከ5 እስከ 6፣ ሃውላይት 3.5 ነው። ብረት ሃውላይትን በቀላሉ ያርሰዋል። ግን ለስላሳ፣ ኖራማ ቱርኩዋዝም በቢላ ይጫራል፣ ስለዚህ መጫሩ ብቻውን ሐሰተኛ አያሰኘውም።

ጥያቄ፦ ከተነከሩት ሌላ በተፈጥሮው የሚመሳሰል አለ?

መልስ፦ ከሁሉ የሚያደናግረው ክሪሶኮላ ነው፤ እሱም መዳብ ያለበትና ከቱርኩዋዝ ጋር በአንድ አካባቢ የሚገኝ ነው፣ ግን ብዙ ጊዜ በጣም ለስላሳና ቀላል ነው (ጥግግቱ ከ2.0 እስከ 2.4)። ቫሪሳይት አረንጓዴ የአሉሚኒየም ፎስፌት ነው፣ መዳብ የለውም። «የአፍሪካ ቱርኩዋዝ» ተብሎ የሚሸጠው ጃስፐር የሚባል ጠንካራ የኳርትዝ ዓይነት ነው፤ ብርጭቆን በቀላሉ ስለሚጭር ወዲያው ይለያል። ማስመሰሉ አዲስ ነገር አይደለም፤ ጥንታውያን ግብጻውያን ቱርኩዋዝን ከሲና እያወጡ፣ ጎን ለጎን በመዳብ ሰማያዊ ቀለም የተሰጠው ፋየንስ (የሚያብረቀርቅ ሽፋን ያለው፣ በእሳት የተተኮሰ ሸክላ መሰል ሥራ) ይሠሩ ነበር።

ጥያቄ፦ መስክ ወጥቶ ለመልቀም የት ይፈለጋል?

መልስ፦ ቱርኩዋዝ የሚፈጠረው መሬት ሥር በጥልቀት ሳይሆን ከገጽ ብዙም ሳይርቅ፣ የዝናብ ውሃ በተሰነጣጠቀ ድንጋይ ውስጥ ሲሰርግ ነው። ውሃው መዳቡን እንደ ካልኮፓይራይት ካሉ ማዕድናት፣ አሉሚኒየሙን ፌልድስፓር ከሚባለው የተለመደ የዐለት ማዕድን፣ ፎስፈረሱን ከአፓታይት ያመጣል። ስለዚህ ሦስቱም ምንጮች ያሉበት፣ ደረቅ አየር ንብረት ያለው አካባቢ ይመረጣል፦ የኢራኑ ኒሻፑር፣ ሲና፣ አሪዞናና ኔቫዳ እንዲህ ናቸው።

መስክ ላይ ሰማያዊ ነገር ከመፈለግዎ በፊት የነጣና የተሸረሸረ ዐለት ይፈልጉ። ፌልድስፓሩ ወደ ነጭ ሸክላ (ካኦሊን) ተለውጦ፣ በቡናማ የብረት ዝገት መስመር ከተሸነሸነ ጥሩ ምልክት ነው። ቱርኩዋዙ በስንጥቁ ውስጥ ብዙ ጊዜ ጥቂት ሚሊሜትር ብቻ የሚወፍር ክር ሆኖ፣ አንዳንዴም በሸክላው ውስጥ ድቡልቡል ሆኖ ይገኛል። ከዝናብ በኋላ መሄድ ያዋጣል፤ አቧራው ታጥቦ እርጥብ ድንጋይ ቀለሙ ጎልቶ ይታያል። የድሮ ማዕድን ጉድጓድ አፍ ላይ የተጣለው ክምር ከጉድጓዱ ይሻላል። ወደ ጉድጓዱ ግን አይግቡ፦ ጣሪያው ይናዳል፣ አየሩም ኦክስጅን ላይኖረው ይችላል። ቦታው የማን እንደሆነ አስቀድመው አጣርተው ፈቃድ ይያዙ።

ሲያወጡ ክሩን በመዶሻ አይምቱ፣ ይፈረካከሳል። መሮውን ከክሩ ሁለት ሦስት ጣት ርቀው እናት ድንጋዩ ላይ ያሳርፉና ሰፋ አድርገው ይፈልጡት። የዓይን መከላከያ መነጽር ግዴታ ነው። እያንዳንዱን ለብቻው በወረቀት ጠቅልለው ቦታውን ይጻፉበት፤ ቦታው ያልታወቀ ናሙና ለሰብሳቢ ዋጋው ይቀንሳል።

ጥያቄ፦ የተጠናከረ ማለት ሐሰተኛ ማለት ነው?

መልስ፦ አይደለም። ድንጋዩ እውነተኛ ነው፣ ቀዳዳዎቹ በሬዚን ተሞልተው ጠንክሯል፤ ሻጩ እስከተናገረ ድረስ ነውር የለበትም። «ዱቄቱ በሬዚን ተጋግሮ የተሠራ» ግን ሌላ ነገር ነው፤ በሌንስ ሲታይ በሙጫ ውስጥ የተበተነ ቅንጣት ይመስላል። ማቅለሚያ የታከለበት ሌላ ሦስተኛ ነገር ነው። ሬዚን የማይጨምሩ ኬሚካላዊ ሂደቶችም ስላሉ፣ ውድ ድንጋይ ከሆነ ላቦራቶሪ ይላኩት፤ ይህን በዓይን ለይቻለሁ የሚልን ሰው አልቀበልም።

ጥያቄ፦ «ስሊፒንግ ቢውቲ» የሚል ስም ያለው ገዛሁ፤ ከማዕድኑ አዲስ የወጣ ነው ተባልኩ።

መልስ፦ በአሪዞና ግሎብ ከተማ አጠገብ ያለው ይህ የማዕድን ማውጫ ቱርኩዋዝ ማውጣቱን በ2012 አቁሟል። ከድሮ ክምችት የመጣ ሊሆን ይችላል፤ «አዲስ የወጣ» ግን አይሆንም። መስመር የሌለው ንጹሕ ሰማያዊ ድንጋይ ከሌላ ቦታም ይመጣል፣ በመልኩ ብቻ የትውልድ ቦታውን ማረጋገጥ አይቻልም።

ጥያቄ፦ ከአያቴ የወረስኩት ቀለበት ወደ አረንጓዴ እየተለወጠ ነው። ይመለሳል?

መልስ፦ በቀላሉ አይመለስም። ያልተጠናከረ ድንጋይ ላብ፣ የቆዳ ቅባት፣ ክሬምና ሽቶ ይመጥጣል፣ ቀለሙም በዚያ ይለወጣል። ለውጡ ላይ ላዩን ብቻ ከሆነ የድንጋይ ባለሙያ ስስ ሽፋን ፍቆ እንደገና ሊወለውለው ይችላል። እስከዚያ እጅ ሲታጠቡ ያውልቁት፣ በለስላሳ እርጥብ ጨርቅ ብቻ ያጽዱት። በአልትራሳውንድ ማሽንና በእንፋሎት አያጽዱት። ቀለበቱ ለጥገና ከሄደም ጠጋኙ ድንጋዩን ሳያወልቅ እሳት እንዳያስጠጋ ይንገሩት።

ጥያቄ፦ የለቀምኩትን ራሴ መወልወል እችላለሁ?

መልስ፦ ይቻላል፣ ሁልጊዜ በእርጥቡ። ደረቁን መፋቅ አቧራውን ወደ ሳንባ ይልካል፤ መዳቡ ብቻ ሳይሆን የእናት ድንጋዩ ሲሊካም አደገኛ ስለሆነ ኤን95 ጭምብል ያድርጉ። ውሃ የሚችል ብርጭቆ ወረቀት በቁጥር 220 ይጀምሩ (ቁጥሩ ሲጨምር ወረቀቱ ይለሰልሳል)፣ ከዚያ 400፣ 600፣ 1200። የቀደመው ጭረት ጨርሶ ሳይጠፋ ወደሚቀጥለው አይለፉ፤ በየመሃሉ ድንጋዩንና እጅዎን ይታጠቡ፣ አንዲት የ220 ቅንጣት የ1200ውን ሥራ ታበላሻለች። እናት ድንጋዩ ከቱርኩዋዙ ለስላሳ ከሆነ እየተበላ ይጎደጉዳል። ይህን ለመቀነስ ወረቀቱን ጠንካራ ጠፍጣፋ ነገር ላይ ለጥፈው ሳይጫኑ ያሹ። መጨረሻ ላይ ሴሪየም ኦክሳይድ የሚባለውን የመወልወያ ዱቄት በውሃ ለውሰው በቆዳ ላይ ይወልውሉ፤ ድንጋዩ ከሞቀ ቆም ብለው ያቀዝቅዙት።