መልስ፦ በጥቁር ስለተሸነፍክበት የቼዝ ጨዋታ

ሰላም ወንድሜ። ደብረ ብርሃን ከጓደኛህ ጋር የተጫወትከውን ጨዋታ ከፍቼ አየሁት። «ጭንቅላቴ ለቼዝ አይሆንም ወይ?» ብለህ ጠይቀሃል። ኧረ በፍጹም!

ነገሩ የተበላሸው 5ኛው እርምጃ ላይ ነው። የነጩ ፈረስ ጂ5 (ፊደልና ቁጥሩ የሰሌዳው ቤት ስም ነው)፣ ቢሾፑ (በሰያፍ የሚሄደው) ደግሞ ሲ4 ላይ ሆነው ሁለቱም ከንጉሥህ አጠገብ ያለውን ኤፍ7ን ይፈልጋሉ። አንተ ዲ5 ላይ ያለውን ወታደር በፈረስህ በላህ። ብዙ ሰው እንደዚያ ነው የሚያደርገው። ነጩ ግን ፈረሱን ኤፍ7 ላይ ሠዋና ንጉሥህን ጎትቶ አወጣው። ቀጥሎ ንግሥቱ ኤፍ3 መጥታ ንጉሥህንም ዲ5 ላይ ያለውን ፈረስህንም አንድ ላይ አጠቃች። 5ኛው እርምጃ ላይ ዲ5ን ከመብላት ይልቅ የተለመደው መልስ ሌላኛውን ፈረስ ከሲ6 ወደ ኤ5 ወስዶ ቢሾፑን ማጥቃት ነው።

እኔን ይበልጥ ያሳሰበኝ ግን ከዚያ በኋላ ያለው ነው። ንጉሥህ ኢ6 ወጥቶ ፈረስህን ሲጠብቅ እኮ በአንድ ፈረስ ትበልጥ ነበር! ከባድ ነው፣ ግን አላለቀም። አንተ ሰዓትህ ላይ 11 ደቂቃ እያለ ቶሎ ቶሎ ተጫወትክ። ስትደነግጥ እጅህን ከሰሌዳው አንሳ። «አሁን ምን ኪሽ (ንጉሤን የሚያጠቃ እርምጃ) አለው? ምን ሊበላብኝ ይችላል?» በል፣ ከዚያ ተጫወት።

ኮምፒውተሩን ወዲያው አትክፈት። መጀመሪያ በየእርምጃው ምን አስበህ እንደነበር በራስህ ቃል ጻፍ። ከዚያ ሊቼስ በሚባለው የቼዝ ድረ ገጽ ላይ በነጻ አስመርምረው። ቀጣዩን ጨዋታ ከነሐሳብህ ላክልኝ፣ አብረን እናየዋለን።