የፕሮግራሙን ወረቀት ገልብጡት

ልጆቼ፣

ክላሲካልና የሙከራ ሙዚቃ (ያልተለመደ ድምፅና አሠራር የሚሞክረውን) በአካል ለመስማት የኪሳችሁ ነገር አሳስቧችሁ በስልክ ብቻ የምታዳምጡ ብዙ ናችሁ። የሚወደደው የትልልቁ አዳራሽ ቲኬት ነው። ትንንሾቹ ኮንሰርቶች ርካሽ ናቸው፤ ነገር ግን ለማስታወቂያ የሚሆን ገንዘብ ስለሌላቸው ፍለጋው የእናንተ ሥራ ይሆናል።

ከሙዚቃ ትምህርት ቤት ጀምሩ። ተመራቂ ተማሪ የመጨረሻ ፈተናውን በአብዛኛው ሰው ፊት ይጫወታል፤ ለአንድ ሰዓት ያህል፣ ብዙ ጊዜም በነጻ። ሴሚስተር ሲያልቅ በአንድ ሳምንት ሦስት አራቱ ይደራረባሉ። ማስታወቂያው ድረ ገጽ ላይ ላይኖር ይችላል፤ በልምምድ ክፍሎቹ ኮሪደር ሰሌዳው ላይ የተለጠፈች ወረቀት ፈልጉ። ቀኑ ስለሚቀያየር በዋዜማው ቢሮ ደውሉ። እንግዳ መምህር ተማሪን ሰው ፊት የሚያርምበት ክፍለ ጊዜ ካለም ጠይቁ። እኔ ይህንን ከኮንሰርቱ አስበልጠዋለሁ፤ አንዲት የዜማ ሐረግ የቫዮሊኑ መምቻ ቀስት አያያዝ እየተለወጠ አሥር ጊዜ ስትደገም ጆሮ ብዙ ይማራል።

ከሕንፃው ጋር የተተከለው ባለ ቧንቧ ኦርጋን ተነቅሎ ስለማይጓዝ ሰሚው ወደ እሱ ይሄዳል። ኦርጋን ካላቸው አብያተ ክርስቲያናት ቀትር ላይ ከ30 እስከ 45 ደቂቃ የሚያሰሙ አሉ፤ ክፍያው በር ላይ ካለው ሣጥን የምትጨምሩት ነው። የድንጋይ ግድግዳ ድምፅን እያስተጋባ ፈጣን ሙዚቃን ስለሚያደበላልቅ ቫዮሊን ወይም ቼሎ ሲሆን ወደ ፊት ተቀመጡ።

የሙከራ ሙዚቃ በሥዕል ጋለሪና በአሮጌ መጋዘን ይገኛል። የተጻፈው ሰዓት ብዙ ጊዜ በሩ የሚከፈትበት ነው፤ ሙዚቃው ግማሽ ሰዓት ዘግይቶ ቢጀምር አትናደዱ። በአንድ ምሽት ሦስት አራት ተጫዋች ስለሚፈራረቅ አንዱ ካልጣማችሁ ሌላውን ጠብቁ። ርዝመቱን ግን አስቀድማችሁ ጠይቁ፤ አሜሪካዊው የሙዚቃ ደራሲ ሞርተን ፌልድማን እ.ኤ.አ. በ1983 የጻፈው ሁለተኛው ስትሪንግ ኳርቴት (ለሁለት ቫዮሊን፣ ለቪዮላና ለቼሎ የተጻፈ ሥራ) ሙሉው ሲጫወት ስድስት ሰዓት ገደማ ይፈጃል። ሙዚቃው ከሁለት ስፒከር የሚወጣ ከሆነ ከሁለቱም እኩል ርቀት ላይ ተቀመጡ። የጆሮ መድፈኛ አይለያችሁ፤ 85 ደሲቤል (የድምፅ ጉልበት መለኪያ ነው) ለ8 ሰዓታት ያህል ጆሮ ይችለዋል ቢባልም በየ3 ደሲቤሉ ጊዜው በግማሽ ስለሚቀንስ 100 ደሲቤል ላይ የሚቀራችሁ 15 ደቂቃ ነው። ስልካችሁን ደግሞ ፈጽሞ አጥፉት፤ ንዝረቱ በእንጨት ወንበር በኩል ለክፍሉ ሁሉ ይሰማል።

አሁን የኮንሰርቱን የፕሮግራም ወረቀት ገልብጡት። ከጀርባው ተጫዋቹ ከየትኛው ቡድን ጋር እንደሚሠራ፣ የማንን አዲስ ሥራ እንደተጫወተ ተጽፎ ታገኛላችሁ። ሁለት ስም ብቻ አስምሩበትና ቀጥሎ የት እንደሚጫወቱ ተከታተሉ። ከአዳራሽ ስም ይልቅ የሰው ስም ሩቅ ያደርሳል፤ ቦታው ቢዘጋ ተጫዋቹ ሌላ ክፍል ይፈልጋልና። «የቻላችሁትን ክፈሉ» ከተባለ የምር የቻላችሁትን ክፈሉ። ሠላሳ ሰው በተቀመጠበት ክፍል ሲያበቃ ወንበር የሚሰበስበው ብዙ ጊዜ ራሱ ተጫዋቹ ነው፤ ሁለት ወንበር አንሱለትና የሚቀጥለውን ቀን ጠይቁት።