የአንደኛ ደረጃ መምህር መሆን ለምትፈልጉ፦ ጥያቄዎቻችሁና መልሶቼ

የ12ኛ ክፍል ውጤት በወጣ ቁጥር የመምህራን ትምህርት ኮሌጅን ነገር የሚጠይቀኝ ወጣት ይበዛል። እኔ የታችኞቹን ክፍሎች ሳስተምር የኖርኩ ሰው ነኝ። ለልምምድ የሚመጡ ሰልጣኞችንም በክፍሌ እቀበላለሁ። ስለዚህ "ያላችሁን ጠይቁኝ" አልኩ። የሚመሳሰሉትን አንድ ላይ አድርጌ እነሆ መልሴ።

ጥያቄ፦ ዩኒቨርሲቲ የሚያስገባ ውጤት አልመጣልኝም። ቤተሰቦቼ "በቃ መምህር ሁን" ይሉኛል። ምን ይመክሩኛል?

መጀመሪያ ነገር፣ ውጤቱ አያሸማቅቅህ። ከ2014 ዓ.ም. ተፈታኞች 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። ብቻህን አይደለህም።

ግን ሌላው በር ስለተዘጋ ብቻ ወደዚህ ሙያ አትግባ። ከመመዝገብህ በፊት ራስህን ፈትን። ፊደል ያልለየ የጎረቤት ልጅ ፈልግና ለጥቂት ሳምንታት ማታ ማታ አስቆጥረው። ትናንት ያወቀውን ዛሬ ሲረሳው ምን እንደሚሰማህ አስተውል። ከተናደድክ ሌላ ሙያ ፈልግ። "በምን መንገድ ባስረዳው ይገባው ይሆን?" ብለህ ካሰብክ ግን ና፣ እንፈልግሃለን።

ጥያቄ፦ ስልጠናው ስንት ዓመት ነው? ከስንተኛ ክፍል በኋላ?

ይኼ ብዙ ጊዜ ተለዋውጧል። የድሮዎቹ መምህራን ከ12ኛ ክፍል በኋላ አንድ ዓመት ቲቲአይ (የመምህራን ማሠልጠኛ ተቋም) ገብተው ነው የወጡት። ቀጥሎ 10+1 (ከ10ኛ ክፍል በኋላ አንድ ዓመት) መጣ፣ ከዚያ ደግሞ በዲፕሎማ የሚያስመርቀው 10+3። የ10ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከቀረ ወዲህ ግን መነሻው 12ኛ ክፍል ሆኗል። የመግቢያ ነጥቡንና የስልጠናውን ዓይነት የሚያወጣው የየክልሉ ትምህርት ቢሮ ስለሆነ የጓደኛን ወሬ ትታችሁ ማስታወቂያውን ራሳችሁ አንብቡ። ጎንደር፣ ደሴ፣ ደብረ ብርሃን፣ ሐዋሳ፣ አርባ ምንጭ፣ አሰላና ነቀምቴ ሁሉ የመምህራን ኮሌጅ አላቸው። አዲስ አበባ ላይ የቀድሞው የመምህራን ኮሌጅ ዛሬ ኮተቤ የትምህርት ዩኒቨርሲቲ ሆኗል።

ጥያቄ፦ ፕራክቲከም (ትምህርት ቤት ገብቶ የማስተማር ልምምድ) ላይ ምን እንደምሠራ ግራ ገብቶኛል። ዝም ብሎ ኋላ ተቀምጦ መጻፍ ነው?

ይህን ጥያቄ ስለጠየቅሽኝ ደስ ብሎኛል። መምህር ተቀርጾ የሚወጣው እዚህ ላይ ነው ብዬ ስለማምን ሰፋ አድርጌ ልመልስልሽ።

መጀመሪያ ታያለሽ፣ ቀጥሎ መምህሩን ታግዣለሽ፣ በመጨረሻ ብቻሽን ታስተምሪያለሽ። በመጀመሪያው ጊዜ አብዛኛው ሰልጣኝ መምህሩ ምን እንዳለ፣ ሰሌዳው ላይ ምን እንደጻፈ ይመዘግባል። አንቺ ግን ልጆቹን እዪ። መጨረሻው ወንበር ላይ ያለችው ልጅ ከንፈሯን ብቻ ነው የምታንቀሳቅሰው ወይስ ታነባለች?

አንድ ምሳሌ ልንገርሽ። አንድ ሰልጣኝ የፊደል ገበታ ሰቅሎ "በ፣ ቡ፣ ቢ" እያለ ያስቆጥራል። ክፍሉ በአንድ ድምፅ ይከተለዋል። በጣም ደስ ብሎታል። ጠጋ ብዬ "እስቲ 'ቤ'ን ብቻዋን ጠቁም" አልኩት። ጠቆመ። ክፍሉ ጭጭ አለ። ትንሽ ቆይቶ ልጆቹ ጣታቸውን እያጠፉ "በ፣ ቡ፣ ቢ፣ ባ፣ ቤ" እያሉ በሹክሹክታ ቆጥረው ደረሱባት። ፊደሏን አያውቋትም፣ የሚያውቁት ዜማውን ነው። በማግስቱ ከካርቶን ካርዶች ቆርጦ መጣ። ካርዶቹን እያደባለቀ አንድ በአንድ አሳያቸው፣ ከዚያ "ቤ"ን ከ"ት" ጋር አጋጥሞ "ቤት" አስባላቸው። ፕራክቲከም ማለት እንዲህ ያለውን ነገር በዓይን አይቶ ማረም ነው።

ነገሩ ቀላል እንዳይመስልሽ። በ2002 ዓ.ም. በተለያዩ ቋንቋዎች በተደረገ የንባብ ምዘና ከሦስት የ2ኛ ክፍል ተማሪዎች አንዱ ያህል አንዲት ቃል እንኳ ማንበብ አልቻለም። እነዚያ ልጆች ገበታውን በዜማ ሳይሉት የቀሩ አይመስለኝም።

ጥያቄ፦ ክፍል ውስጥ 70 ልጅ ሲኖር ምን ይደረጋል?

ሁሉንም በአንድ ቀን ለማዳረስ አትሞክር። ዛሬ የመጀመሪያው ረድፍ ሲያነብ ስማ፣ ነገ ሁለተኛውን። ስታስደምርና ስታስቀንስ ቆርኪ ሰብስበህ በቡድን አከፋፍላቸው፣ እጃቸው ሥራ ሲይዝ ጫጫታው ይቀንሳል። ስትጽፍ ጀርባህን አትስጣቸው፣ ጎንህን አዙረህ ጻፍ። ስማቸውን ደግሞ ቶሎ ልመድ። "አንተ፣ ያ ቀይ ሹራብ" እየተባለ የሚጠራ ልጅ የማይታወቅ ስለሚመስለው ይረብሻል።

ጥያቄ፦ ደመወዙ ያኖራል?

እውነቱን ልናገር፤ ከተማ ውስጥ ቤት ተከራይቶ ለሚኖር ሰው አይበቃም። ብዙ መምህር ማታ ልጆች ያስጠናል። በክረምት መርሐ ግብር ትምህርቱን የሚያሻሽልም አለ። የደረጃ ዕድገት አለ፦ ከጀማሪ ተነስቶ መለስተኛ፣ መምህር፣ ከፍተኛ መምህር፣ ተባባሪ መሪ፣ መሪ መምህር እያለ ይወጣል። ዕድገቱ ግን ዓመታት ይፈልጋል፣ የሥራ አፈጻጸምም ይታያል። አንድን ሕፃን ማንበብ የሚያስጀምር ሰው የወር አስቤዛው ሊያስጨንቀው አይገባም ነበር። ይህን አሁንም አምርሬ እላለሁ።

ጥያቄ፦ ሴት ነኝ። ገጠር እንዳልመደብ እፈራለሁ።

ፍርሃትሽ ይገባኛል። ምደባ ብዙ ቦታ በዕጣ ስለሆነ ሩቅ ሊደርስሽ ይችላል። ከመሄድሽ በፊት እዚያ የምታስተምር ሴት መምህር አፈላልገሽ በስልክ አነጋግሪ። ቤቱን፣ ውኃውን፣ ለመንገዱ የትኛው ሰዓት እንደሚሻል ጠይቂያት። ከተቻለ ከሌላ ሴት መምህር ጋር ተከራዪ። ስትደርሺ ርዕሰ መምህሩንና የወላጆች ኮሚቴውን ቶሎ ተዋወቂ። አገሬው ለልጆቹ መምህር ክብር አለው፣ አንቺን የሚጠብቅሽም እሱ ነው። የዝውውር መስፈርቱን ደግሞ ከመጀመሪያው ቀን እወቂው።

ጥያቄ፦ እንግሊዝኛዬ ደካማ ነው። ችግር አለው?

ከ1986 ዓ.ም. የትምህርት ፖሊሲ ወዲህ ትንንሾቹ የሚማሩት በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው ስለሆነ ሒሳብና አካባቢ ሳይንስ አያስቸግሩህም። ግን እንግሊዝኛ ራሱ ከ1ኛ ክፍል ጀምሮ ይሰጣል። ሁሉንም ትምህርት አንድ መምህር በሚይዝበት ክፍል ከተመደብክ አታመልጠውም። የተማሪውን መጽሐፍ ድምፅህን አውጥተህ አንብብ፣ ከዚያ ጀምር።

ጥያቄ፦ በባዮሎጂ ዲግሪ አለኝ። አንደኛ ደረጃ ማስተማር እችላለሁ?

የግል ትምህርት ቤቶች ሊቀጥሩህ ይችላሉ። ለመንግሥት ትምህርት ቤት ግን የክልልህን መስፈርት ጠይቅ። ከዲግሪ በኋላ የሚሰጠው የመምህርነት ስልጠና የታሰበው ለሁለተኛ ደረጃ ነው።

ጥያቄ፦ ከተቀጠርኩ በኋላ ብቻዬን ነው የምቀረው?

መቅረት የለብህም። ለጀማሪ መምህር የሁለት ዓመት የሙያ ትውውቅ አለ፣ አማካሪ መምህርም ይመደብልሃል። ከዚያ በኋላ በዓመት 60 ሰዓት ተከታታይ ሙያ ማሻሻያ፣ እኛ "ተሙማ" የምንለው፣ ይጠበቅብሃል። አንዳንድ ቦታ ወረቀት መሙያ ብቻ ሆኖ ያሳዝነኛል። አንተ ግን አማካሪህን "ክፍሌ ገብተህ ተቀመጥና እየኝ" ብለህ ለምነው።

ጥያቄ፦ ለምዝገባ ምን ላዘጋጅ?

ብዙውን ጊዜ የሚጠየቀው የ8ኛ ክፍል ሚኒስትሪ ውጤት፣ ከ9ኛ እስከ 12ኛ ክፍል ያለው ትራንስክሪፕት፣ የ12ኛ ክፍል ፈተና ውጤት፣ የነዋሪነት መታወቂያና ጉርድ ፎቶ ነው። ዋናውንም ኮፒውንም ያዙ። የመግቢያ ፈተናና ቃለ መጠይቅም ሊኖር ይችላል። ትራንስክሪፕቱን ከትምህርት ቤታችሁ አሁኑኑ አውጡ፣ ምዝገባ ሲደርስ ሪከርድ ቢሮ ሰልፉ ይረዝማል።